ከሰው እጅ የሚመጣው ጥፋት የማን ትምህርት ነው?

የሰውን ዘር በሙሉ ሊያጠፋ የሚችል፣ ሰው ራሱ የሠራው አደጋ አለ ሲባል ብዙዎቻችን የኒውክሌር ቦምብን እናስባለን። «እሱማ የፊዚክስ ጉዳይ ነው» ብለን እናልፋለን። የፊዚክሱ መምህርም ስለ አቶም አስተምሮ «የቀረው የታሪክ ነው» ይላል። እንዲህ ስንገፋፋ ተማሪው ሳይማረው ይመረቃል። እኛ የምንለው አንዱን አደጋ ይዞ በየትምህርት ክፍሉ ማዞር ነው፤ ለዚህም ፈንጣጣን መርጠናል።

ፈንጣጣን አያቶቻችን ያውቁታል። በጎጃም ገጠር ከታማሚ ቁስል ፈሳሽ ወስዶ የጤነኛውን ክንድ በጥቶ መከተብ የቆየ ልማድ ነበር። በሽታውን የማጥፋት ዘመቻ በአገራችን በ1963 ዓ.ም. ተጀመረ፤ የመጨረሻው ታማሚ በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ተገኘ። በ1972 ዓ.ም. የዓለም ጤና ጉባኤ በሽታው ከምድር መጥፋቱን አወጀ። ይህ የታሪክ መምህሩ ድርሻ ነው።

ነገሩ ግን እዚያ አላበቃም። በ1970 ዓ.ም. ክረምት፣ በሽታው በተፈጥሮ መታየቱን ካቆመ ከወራት በኋላ፣ በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም አንዲት ፎቶግራፍ አንሺ በፈንጣጣ ተይዛ ሞተች። በምትሠራበት ሕንፃ ውስጥ ቫይረሱ የሚጠናበት ቤተ ሙከራ ነበር። ዛሬም ቫይረሱ በአሜሪካና በሩሲያ፣ በሁለት ቤተ ሙከራዎች ተቆልፎ ተቀምጧል። ቁልፉስ ያስተማምናል? እ.ኤ.አ. በ2018 የካናዳ ተመራማሪዎች የፈንጣጣን ዘመድ፣ የፈረስ ፈንጣጣን፣ በትእዛዝ ከተገዙ የዲ.ኤን.ኤ. ቁርጥራጮች እንደሠሩ አሳተሙ። ዓላማቸው ክትባት ነበር፤ ዕውቀቱ ግን የያዘውን ሰው ዓላማ አይጠይቅም። ይህን የባዮሎጂ መምህሩ ያስረዳ።

ሒሳቡም ቀላል ነው፤ አንድ ታማሚ ለአምስት ሰው ያስተላልፋል እንበል፤ በአምስተኛው ዙር 3,125 አዲስ ታማሚ ይሆናል። የተቀመጠው ቫይረስ ይጥፋ ወይስ ለምርምር ይቆይ የሚለውን፣ መንግሥታት ለአሥርተ ዓመታት የተከራከሩበትን ጥያቄ፣ የሥነ ዜጋ ክፍል ይሟገትበት።

ቦምቡንም ቢሆን ወደ እርሻችን ማምጣት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1983 ሳይንቲስቶች የሚቃጠሉ ከተሞች ጭስ ፀሐይን ጋርዶ ምድርን እንደሚያቀዘቅዝ በስሌት አሳዩ። ቡሬ ላይ ቦምብ ባይወድቅ እንኳ የቡሬ በቆሎ ምን ይሆናል? በዚያው ከተማ ባለው የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ ግብርና ለሚማሩት ይህ ጥሩ የቤት ሥራ ነው።

ለማስተማር ልምምድ ከፍኖተ ሰላም ወደየገጠሩ የምትወጡ እጩ መምህራን ግን ከአዛውንቶቹ ጀምሩ። ክንዳቸው ላይ የክትባት ጠባሳ ያላቸውን፣ ፊታቸው በፈንጣጣ የተጠቃውን እናቶችና አባቶች በአክብሮት ጠይቁ፤ የሰማችሁትን ጽፋችሁ አምጡልን፤ በሚቀጥለው እትም እንለጥፈዋለን።