አዲስ አበባ ያለው የዶላር ሂሳብ

በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የግብር ሰነድ አዘጋጃለሁ። «ውጭ አገር የባንክ ሂሳብ አለዎት?» ስል ብዙ ወገኖቼ ወዲያው «የለኝም» ይላሉ። አንዲት እናት ግን ትንሽ አሰቡና፣ «ልጄ፣ አዲስ አበባ ለቤት መሥሪያ ያስቀመጥኩት ዶላርስ ይቆጠራል?» አሉኝ።

ይቆጠራል። ለአሜሪካ ሕግ አዲስ አበባም ዙሪክም ውጭ አገር ነው። ሂሳቡን መክፈት ግን ጥፋት አይደለም፤ ቤት ለመሥራት፣ ወላጅ ለመጦር፣ ለመነገድ የታሰበ ንጹሕ ገንዘብ ነው። ግዴታው ማሳወቅ ነው። ዜጋም ሆነ ግሪን ካርድ ያለው ሰው፣ ውጭ ያሉት ሂሳቦቹ ተደምረው በዓመቱ ውስጥ ለአንድ ቀን እንኳ ከ10,000 ዶላር ካለፉ፣ ኤፍባር የሚባለውን ቅጽ በኢንተርኔት ይልካል። ቅጹ ራሱ ግብር አያስከፍልም። ወለዱ ግን ገቢ ስለሆነ በግብር ሰነዱ ላይ መግባት አለበት።

ወንጀሉ መደበቁ ነው። የስዊዘርላንዱ ዩቢኤስ ባንክ፣ ሀብታም አሜሪካውያን ገንዘባቸውን በሽፋን ድርጅቶች ስም እንዲሰውሩ መርዳቱን አምኖ እ.ኤ.አ. በ2009 ዓ.ም. 780 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። በቀጣዩ ዓመት ፋትካ የተባለው ሕግ ወጣ፤ የውጭ ባንኮች የአሜሪካውያንን ሂሳብ ራሳቸው እንዲያሳውቁ ይጠይቃል።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ምንም ሳይደብቁ፣ ባለማወቅ ብቻ ቅጣት ላይ የሚወድቁት ናቸው። ሆን ብሎ የደበቀ ሰው የሂሳቡን ግማሽ ያህል ሊቀጣ ይችላል። ቅጹን ሳያውቅ የዘለለ፣ ግብሩን ግን በትክክል የከፈለ ሰው፣ የግብር መሥሪያ ቤቱ ሳይጠራው በፊት ምክንያቱን ጽፎ ዘግይቶም ቢሆን ማስገባት ይችላል። ይህን ዘንድሮ አድርጉት።