ኬሚስትሪ ከጓዳ እስከ ማሳ

አልጫ ወጥ የፈሰሰበት ነጭ ነጠላ ሲታጠብ ቢጫው እድፍ ሳሙና በነካው ቅጽበት ይቀላል። ነጠላው ተበላሸ ብሎ መደንገጥ ግን አያስፈልግም፤ ሎሚ ጠብ ሲደረግበት ቢጫነቱ ይመለሳል። ነገሩን የሚሠራው እርድ ነው። በእርድ ውስጥ ያለው ኩርኩሚን የሚባል ቀለም በአሲድ ውስጥ ቢጫ ሆኖ ይቆያል፣ ቤዝ ሲያገኘው ይቀላል፤ ሳሙና ደግሞ ቤዝ ነው። የ12ኛ ክፍል ኬሚስትሪ ስለ አሲድና ቤዝ ሲያስተምር ኢንዲኬተር የሚለው እንዲህ ያለውን ነገር ነው።

በምሥራቅ ጎጃም የእነርጅ እናውጋ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በደብረ ወርቅ፣ ይህን ትምህርት ከሚከታተሉት ብዙዎቹ የገበሬ ልጆች ናቸው። ከገጠር ቀበሌ የመጣው ተማሪ ከጓደኞቹ ጋር ቤት ተከራይቶ፣ ስንቁን ከወላጆቹ ቤት እያመላለሰ ይማራል። 11ኛ ክፍል ሲደርስ “ናቹራል ወይስ ሶሻል?” የሚለው ጥያቄ ይመጣል። ናቹራል ካለ ኬሚስትሪ ሁለት ዓመት ሙሉ አብሮት ነው። በ11ኛ ክፍል የአተም አወቃቀር፣ ኬሚካዊ ትስስር፣ የአጸግብሮት ፍጥነትና ኢኩሊብሪየም ይጠብቁታል፤ በ12ኛ ክፍል አሲድና ቤዝ፣ ኤሌክትሮኬሚስትሪ፣ የኢንዱስትሪ ኬሚስትሪ፣ ፖሊመርና የአካባቢ ኬሚስትሪ ይከተላሉ።

ትምህርቱን የሚያከብዱት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ቋንቋ ነው፤ መጽሐፉም ፈተናውም በእንግሊዝኛ ነው። ሁለተኛው ሒሳብ ነው። የቁስ መጠን መለኪያ የሆነው ሞል የገባው ተማሪ ቀሪውን ምዕራፍ እየተንገዳገደም ቢሆን ይሻገራል፤ ሞል ያልገባው ግን ቀመር ሸምድዶ ከመሄድ ሌላ አማራጭ የለውም።

ሞልን ለማስረዳት ግን ከጎጃም መሬት መውጣት አያስፈልግም። በጮቄ ተራራ ዙሪያ ባሉ እንደ ስናን፣ ማቻከልና ጎዛምን ባሉ ወረዳዎች የአፈር አሲዳማነት የገበሬው የዘወትር ራስ ምታት ነው። ብዙ ዝናብ ካልሲየሙንና ማግኒዥየሙን እያጠበ ይወስዳል፤ የአሲዳማነት መለኪያው ፒኤች ከ5.5 ሲወርድ አፈሩ ውስጥ ያለው አሉሚኒየም ይሟሟና የሥሩን ጫፍ ይጎዳል፣ ፎስፈረሱም ተይዞ ይቀራል። ገበሬው ማዳበሪያ ጨምሮ ምርት ያጣል። በአገር አቀፍ ደረጃ ከሚታረሰው መሬት 43 በመቶ ያህሉ ይህ ችግር እንዳለበት ይነገራል። ፒኤች የሚለካው በሎጋሪዝም ስለሆነ፣ 4.5 ያለው አፈር 6.5 ካለው በሁለት ቁጥር ብቻ ያነሰ ቢመስልም አሲዳማነቱ 100 እጥፍ ነው።

መድኃኒቱ ኖራ፣ ማለትም የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ነው። ድንጋዩ ከዓባይ ሸለቆ አፋፍ፣ ከደጀን አካባቢም ይገኛል። አንድ ሞል ካልሲየም ካርቦኔት 100 ግራም ይመዝናል፤ ስለዚህ አንድ ኩንታል ንጹሕ ኖራ ውስጥ 1,000 ሞል አለ። አንዱ ሞል ሁለት ሞል ሃይድሮጅን አዮን ስለሚያከሽፍ፣ ኩንታሉ 2,000 ሞል አሲድ ያጠፋል ማለት ነው። የአንድ ሄክታር አፈር አሲድ ግን ከዚህ ስለሚበልጥ ብዙ ኩንታል ያስፈልጋል፤ የማጓጓዣው ወጪ ገበሬውን የሚያስመርረውም ለዚህ ነው።

ሌላው የገበሬው ወሬ ዩሪያ የተባለው ማዳበሪያ ነው። የአንድ ሞል ዩሪያ ክብደት 60 ግራም ሲሆን 28 ግራሙ ናይትሮጅን ነው፤ በመሆኑም 50 ኪሎ ግራም ጆንያ 23 ኪሎ ግራም ያህል ናይትሮጅን ይይዛል። ዩሪያ የሚሠራው ከአሞኒያ ነው፤ አሞኒያ ደግሞ የ11ኛ ክፍል የኢኩሊብሪየም ምዕራፍ ዋና ምሳሌ ነው። ናይትሮጅንና ሃይድሮጅን ተዋህደው አሞኒያ ሲሆኑ ሙቀት ይወጣል። ስለዚህ ቅዝቃዜ ምርቱን ያበዛል፣ ግን ሂደቱን ያዘገየዋል፤ ሙቀት ያፈጥነዋል፣ ግን ምርቱን ያሳንሳል። ጀርመናዊው ፍሪትዝ ሃበር በ1909 እ.ኤ.አ. በቤተ ሙከራ ያሳየውን ካርል ቦሽ በ1913 ወደ ፋብሪካ አሸጋገረው። መላው የብረት ካታሊስት (ማፋጠኛ)፣ 200 አትሞስፌር ገደማ ግፊትና ከ400 እስከ 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ሆነ። ኢትዮጵያ ማዳበሪያዋን ከውጭ ስታስገባ ኖራ፣ በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ጎዴ ላይ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያመርት ፋብሪካ ለመገንባት ከዳንጎቴ ኩባንያ ጋር ተፈራርማለች።

የኢንዱስትሪ ኬሚስትሪው ምዕራፍ ስለ ሲሚንቶ፣ ስለ ሳሙናና ስለ አልኮል ያወራል። አረቄ የሚወጣበት ቤት ያደገ ልጅ ዲስቲሌሽንን የሚያውቀው በዓይኑ ነው፦ ኢታኖል በ78 ዲግሪ ከውሃው ቀድሞ ይተናል፣ በሸንበቆ ያልፋል፣ በቀዝቃዛ ውሃ በተከበበው ዕቃ ውስጥ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል።

ታዲያ ኬሚስትሪው በየጓዳውና በየማሳው እያለ ትምህርቱ ለምን ወረቀት ላይ ይቀራል? አንዱ ምክንያት ፈተናው ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የምርጫ ጥያቄ ነው፤ ተማሪው አሲድ መለካት ይችል እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። በ2008 ፈተናው አስቀድሞ ሾልኮ ወጥቶ ከተሰረዘ በኋላ ጥበቃው እየጠበቀ ሄደ፤ የ2014ቱ ተፈታኞች በጥቅምት 2015 ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እያደሩ ተፈተኑ። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት 3.2፣ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ ሆነ። ይህን ቁጥር ያየ ተማሪ ጊዜውን ለሙከራ ሳይሆን ላለፉት ዓመታት ጥያቄዎች ቢሰጥ አይፈረድበትም። ከ1997 ጀምሮ በየክፍሉ የገባው “ፕላዝማ” የሚባለው የቴሌቪዥን ትምህርት ሙከራን በስክሪን ያሳይ ነበር፤ ተማሪው ግን ዳር ቆሞ ተመልካች ነበር። ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል፤ ዓመት ሙሉ ያልተማሩ ልጆች አሉ።

እንዲህም ሆኖ አንዳንዱ ሙከራ ከጓዳ ዕቃ ይሠራል። ሁለት ብርጭቆ አቼቶ ይዘጋጅና በአንዱ ስብርባሪ፣ በሌላው በደንብ የደቀቀ የእንቁላል ቅርፊት እኩል መዝኖ ማስገባት ነው። ቅርፊቱ ካልሲየም ካርቦኔት፣ አረፋው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። የደቀቀው ቶሎ ይፈላል፣ ቶሎም ያበቃል፤ ምክንያቱም አሲዱ የሚያገኘው ገጽ ይበዛል። ተማሪው በስልኩ ሰዓት ይዞ በየግማሽ ደቂቃው ያየውን ቢጽፍ የአጸግብሮት ፍጥነትን ግራፍ በራሱ እጅ ይሥላል። ኖራ ተፈጭቶ ማሳ ላይ የሚበተነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ጓዳ የማይተካው ነገር ግን አለ። ቤዝን በቡሬት ጠብታ በጠብታ ለክቶ የአሲድን መጠን ማግኘት፣ የዚንክና የመዳብ ሴል ሠርቶ ቮልቱን ማንበብ ዕቃ፣ ንጹሕ ኬሚካልና ባለሙያ ይፈልጋል። ብዙ ተማሪ ቡሬትን ለመጀመሪያ ጊዜ በእጁ የሚይዘው ፋርማሲ ወይም ኬሚስትሪ ደርሶት ዩኒቨርሲቲ ከገባ በኋላ ነው፤ ያኔም ከጎኑ የቆመው፣ በደንብ በተሟላ ትምህርት ቤት የተማረው ልጅ፣ ቢያንስ ሁለት ዓመት ቀድሞታል።