ፓርኬ ከመነጠፉ በፊት ኮንክሪቱ ይለካ

ህንፃ ጨርሶ ለማከራየት ወይም ለመሸጥ የሚጣደፍ ባለሀብት ከሚከስርባቸው ነገሮች አንዱ በወለሉ ውስጥ የቀረ ውሃ ነው። ፓርኬው ወይም የፕላስቲክ ንጣፉ ከተነጠፈ ከወራት በኋላ ያብጣል፣ ጠርዙ ይነሳል፣ ኮላው ይለቃል። ያን ጊዜ ባለቤቱ ኮንትራክተሩን፣ ኮንትራክተሩ ንጣፍ ሠሪውን፣ ንጣፍ ሠሪው ደግሞ ዕቃውን የሸጠውን ነጋዴ ይወቅሳል። ተከራይ ከገባ በኋላ ንጣፍ ማንሳት ዕቃ ማስወጣት፣ ኪራይ ማቋረጥና ንጣፉን ዳግም መግዛት ማለት ነው።

የስህተቱ መነሻ ብዙ ጊዜ «28 ቀን ሞልቶታል» የሚለው አነጋገር ነው። 28 ቀን የኮንክሪት ጥንካሬ የሚለካበት ዕድሜ እንጂ የመድረቂያው ጊዜ አይደለም። ኮንክሪት ሲቦካ ከሲሚንቶው ጋር ከሚዋሃደው የበለጠ ውሃ ይገባበታል፤ ትርፉ ቀስ በቀስ ይተናል። የተለመደው ግምት ለ2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ወር ነው። 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ወለል አራት ወር ያህል ይፈልጋል፤ በክረምት ደግሞ ይረዝማል። መሬት ላይ የተሞላ ወለል ከሥሩ የእርጥበት መከላከያ ላስቲክ ከሌለው ግን ዓመት ቢቆይም ከአፈሩ ውሃ መሳቡን አይተውም።

ርካሹ መመርመሪያ 45 በ45 ሴንቲ ሜትር የሆነ ላስቲክ ወለሉ ላይ ዘርግቶ ጠርዙን በፕላስተር ማሸግና ቢያንስ ለ16 ሰዓት ማቆየት ነው። ላስቲኩ ሲነሳ ከሥሩ ላብ ከቋጠረ ወይም ኮንክሪቱ ከጠቆረ ወለሉ ገና ነው። ሆኖም ይህ ዘዴ የላይኛውን ክፍል ብቻ ስለሚያሳይ፣ ደረቅ መስሎ መታየቱ ዋስትና አይሆንም።

ይበልጥ የሚታመነው ኤ.ኤስ.ቲ.ኤም ኤፍ 2170 የተባለው የአሜሪካ ደረጃ የሚያዘው ነው። በላዩ በኩል ብቻ የሚደርቅ ወለል እስከ ውፍረቱ 40 በመቶ ድረስ ይበሳና መለኪያ ይገባበታል፤ ከ24 ሰዓት በኋላ አንጻራዊ እርጥበቱ ይነበባል። ለመጀመሪያው 93 ካሬ ሜትር ሦስት ቀዳዳ ይበሳል፤ ከዚያ በላይ ላለው ለየ93 ካሬ ሜትሩ አንድ ይጨመራል። የሚፈቀደውን መጠን የሚወስኑት የንጣፉና የኮላው አምራቾች ናቸው።

የሚበጀው ክርክር ሳይመጣ ማን እንደሚለካ፣ በስንት በመቶ ንጣፍ እንደሚጀመርና ውጤቱን ማን እንደሚፈርምበት በውሉ ላይ መጻፍ ነው። ገዢም ሆነ ደላላ አዲስ ቤት ሲያይ ከፓርኬው ውበት አስቀድሞ ይህን ወረቀት ቢጠይቅ ያተርፋል።