አንገት ላይ የሚንጠለጠለው አየር ማጽጃ

እንደ ሐብል አንገት ላይ የሚንጠለጠል ትንሽ መሣሪያ ነው። ብዙዎቹ ሞዴሎች ማራገቢያም ማጣሪያም የላቸውም። ታዲያ በምን ያጸዳሉ?

ውስጡ ያለው ሰርኪት የባትሪውን አነስተኛ ቮልቴጅ ወደ ሺዎች ቮልት ከፍ አድርጎ ወደ ሾለ ጫፍ ይልካል። ከጫፉ የሚወጡት ኤሌክትሮኖች በአቅራቢያው ካሉ የኦክስጅን ሞለኪውሎች ጋር ተጣብቀው ኔጋቲቭ አዮን ይፈጥራሉ። አዮኖቹ በተራቸው አቧራውን፣ የአበባ ዱቄቱንና የጭሱን ብናኝ ቻርጅ ያደርጉታል። እንዲህ ያለ ብናኝ በአየር ላይ ብዙ አይቆይም፤ ግድግዳ፣ ልብስ፣ አንዳንዴም የባለቤቱ ፊት ላይ ይለጠፋል።

ዘዴው አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው ኬሚስት ፍሬድሪክ ኮትሬል ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንስቶ የፋብሪካ ጭስ አጽድቶበታል። ፋብሪካው ግን ብናኙን የሚሰበስብ የብረት ሰሌዳ አለው። አንገት ላይ ያለው መሣሪያ ግን ሰሌዳ የለውም፤ ደጅ ሲወጣ ደግሞ ነፋስ አዮኖቹን ይበትናቸዋል።

ማስታወቂያዎች የሚዘሉት ኦዞንን ነው። ያው ከፍተኛ ቮልቴጅ ሳንባን የሚያስቆጣውን ይህን ጋዝ ሊያመነጭ ይችላል፤ መሣሪያው ደግሞ ከአፍንጫ ሥር ነው የሚውለው። ካሊፎርኒያ ለቤት ውስጥ አየር ማጽጃዎች የኦዞን ጣሪያ አስቀምጣለች፤ ከሚሊዮን 0.05 እጅ። ገዢ ከአዮን ብዛት ይልቅ መሣሪያው የሚያመነጨውን የኦዞን መጠን ቢጠይቅ ይሻለዋል። ከሰል አቀጣጥሎ በር የሚዘጋ ሰውንም መሣሪያው አያድነውም፤ አዮን ብናኝን እንጂ ካርቦን ሞኖክሳይድን አያስወግድም።