ሰዓቱን ትታችሁ ሊጡን እዩ

በርገርን የሚያበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ዳቦው ነው። ሥጋው በደንብ ተፈጭቶ፣ ቺዙ ቀልጦ፣ ሽንኩርቱ ተጠብሶ ሲያበቃ ከሰፈር ዳቦ ቤት የመጣ ዳቦ መሃል ይገባል። የመጀመሪያው ጉርሻ ላንቃ ይቧጭራል፤ በሁለተኛው ሥጋው በኋላ በኩል ሾልኮ ሳህኑ ላይ ያርፋል። ይሄ ሁሉ ብር ተከፍሎበት በመጨረሻ በሹካ ሲለቀም ማየት ያናድደኛል። የዳቦ ቤቱን ዳቦ መውቀሴ አይደለም። እሱ የሚጋገረው ለሻይ፣ ለፉል፣ ለወጥ ማጥቀሻ ነው፤ በዱቄት፣ በውሃ፣ በእርሾና በጨው ብቻ ስለሚቦካ ቅርፊቱ ይጠነክራል፣ በማግስቱም ይደርቃል። የበርገር ዳቦ ግን ሲነክሱት በቀላሉ መቆረጥ፣ ጭማቂውን መጥጦ አለመበጣጠስ፣ ሲጫኑትም ተመልሶ መነሣት አለበት። ይህን ጠባይ የሚሰጡት ወተት፣ እንቁላል፣ ቅቤና ስኳር ናቸው።

ለዓመታት በሆቴል የኬክና የዳቦ ክፍል ሠርቻለሁ። አሁን ጀሞ ካለው ኮንዶሚኒየም ቤቴ በትእዛዝ እጋግራለሁ። ደንበኞቼ የልጅ ልደት የሚያከብሩ እናቶችና ትንንሽ በርገር ቤት የከፈቱ ወጣቶች ናቸው። ከወጣቶቹ አንዱ በቀደም እንዲህ አለኝ፦ «እትዬ፣ ስልኬ ላይ ያገኘሁትን አሠራር አንድም ሳልቀንስ ሳልጨምር ተከተልኩት። ኦቭን ሲገባ እንዲህ ቆንጆ ኩፍ ብሎ ነበር፤ ሲወጣ ግን ጠፍጥፎ ቁጭ አለ።»

«ስንት ሰዓት አቆየኸው?»

«አንድ ሰዓት ተኩል። እንደዛ ነው የሚለው።»

«ማነው የሚለው? የት አገር ነው የሚጋግረው?»

ይህን አልጠየቀም ነበር። ብዙዎቻችን አንጠይቅም። አሠራሩን የጻፈችው ሴት ምናልባት የባሕር ዳርቻ ከተማ ነዋሪ ናት። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትርና ከዚያም በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳር ካለው ሩብ ያህል ያንሳል። እርሾው የሚያወጣው ጋዝ ከላይ የሚጫነው አየር ሲቀንስለት ቶሎ ይስፋፋል፤ ሊጡም ቶሎ ያብጣል። ሊጡን አያይዞ የሚይዘው የግሉተን መረብ ሳይጠነክር ካበጠ ደግሞ ኦቭን ውስጥ ሙቀት ሲያገኘው ይፈነዳና ይወርዳል። ልጁ ላይ የደረሰው ይኸው ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። መጽሐፍ ላይ ካለው እርሾ ሩቡን ቀንሱ፤ ሊጡ አንዴ ኩፍ ሲል አየሩን አስወጥታችሁ እንደገና ኩፍ እንዲል ተዉት። ሁለተኛው ኩፍታ ጣዕም ይጨምራል፤ መረቡንም ያጠነክራል። ከሁሉ በላይ ግን ሰዓቱን ተዉት። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ የኩሽናችን ብርድ ሊጡን ያሰንፈዋል፤ ሚያዝያ ላይ ደግሞ ያው ሊጥ ዞር ብላችሁ ሳትመለሱ እጥፍ ይሆናል። ከፍታው ይገፋል፣ ብርዱ ይጎትታል፤ ይህን ሁለቱን አስታርቆ ሊነግራችሁ የሚችል ሰዓት የለም። ጣታችሁን ዱቄት አስነክታችሁ ሊጡን ጫን አድርጉት። ጉድጓዱ ወዲያው ከተሞላ ገና ነው፤ ቀስ ብሎ ግማሽ ያህል ከተመለሰ ደርሷል፤ እንደተጫነ ከቀረ አልፎበታል።

ወደ አሠራሩ ከመግባቴ በፊት ስለ ዳቦዎቹ አመጣጥ ጥቂት ልበል። ሁለት ግማሽ ሆኖ የሚከፈለው ክብ ዳቦ ከበርገሩ በኋላ የመጣ ነው። አሜሪካ ውስጥ መጀመሪያ የተፈጨው ሥጋ ይበላ የነበረው በተቆራረጠ ዳቦ መሃል ነው። ለበርገር ተብሎ ለብቻው የሚጋገር ዳቦ በማምጣት ስሙ የሚነሣው በካንሳስ ግዛት በዊቺታ ከተማ በርገር ይጠብስ የነበረው ዋልተር አንደርሰን ነው። እሱና ቢሊ ኢንግራም እ.ኤ.አ. በ1921 እዚያው ዊቺታ ውስጥ ዋይት ካስል የተባለውን የበርገር ቤት ከፈቱ። የሆትዶግ ዳቦን በተመለከተ ግን ወጉ ይበዛል። እ.ኤ.አ. በ1904 በሴንት ሉዊስ በተካሄደው የዓለም ኤግዚቢሽን አንድ ቋሊማ ሻጭ ደንበኞቹ እጃቸው እንዳይቃጠል ነጭ ጓንት ያውሳቸው ነበር፤ ጓንቱን ይዘውበት እየሄዱ ሲያስቸግሩት ረጅም ዳቦ አስጋገረ ይባላል። ደስ የሚል ወሬ ነው። እኔ ግን አላምነውም፤ ቻርልስ ፌልትማን የተባለ ከጀርመን የመጣ ስደተኛ በኒው ዮርክ ኮኒ አይላንድ ከዚያ አሥርተ ዓመታት ቀድሞ ቋሊማ በዳቦ ይሸጥ ነበርና።

ወደ ኩሽናው እንመለስ። ለ10 የበርገር ዳቦ የምጠቀመው 500 ግራም ፉርኖ ዱቄት፣ 125 ግራም ውሃ፣ 160 ግራም ለብ ያለ ወተት፣ አንድ እንቁላል፣ 60 ግራም የገበታ ቅቤ፣ 50 ግራም ስኳር፣ 9 ግራም ጨውና 5 ግራም ደረቅ እርሾ ነው። ሁሉንም በግራም ማስቀመጤ ለመራቀቅ አይደለም። አንድ ኩባያ ዱቄት ጠቅጥቃችሁ ስትሞሉትና ነፍታችሁ ስትሞሉት ብዙ ግራም ይለያያል፤ አራት ኩባያ ላይ ሲደርስ ልዩነቱ ሌላ ሊጥ ይሆናል። ለማቀላቀያ ማሽን ከመቆጠባችሁ በፊት ትንሽ የኩሽና ሚዛን ግዙ። እጅ ማሽኑን ይተካል፤ ሚዛኑን ግን ዓይን አይተካውም።

ሥራው የሚጀምረው ከምድጃው ነው። ከ500 ግራሙ ዱቄት 25 ግራም አንሡና በ125 ግራሙ ውሃ በጥብጡት። በዝግታ እሳት እያማሰላችሁ አጥሚት መስሎ ሲወፍር አውርዳችሁ አቀዝቅዙት። ይህ ዘዴ ታንግዞንግ ይባላል፤ ታይዋናዊቷ ኢቮን ቼን በጻፈችው የዳቦ መጽሐፍ ምክንያት በእስያ በሰፊው ታወቀ። ምሥጢሩ የዱቄቱ ስታርች 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ አብጦ ብዙ ውሃ መያዙ ነው። ያ ውሃ ሊጡን ሳያጨማልቅ ተደብቆ ይገባል፤ ዳቦውም ለቀናት ለስላሳ ሆኖ ይቆያል። ለንግድ የሚሠሩ ፋብሪካዎች ይህን ልስላሴ የሚያገኙት በማለስለሻ ቅመሞች ነው። እናንተ በአንድ ድስትና በአምስት ደቂቃ ታገኙታላችሁ።

የቀዘቀዘውን ውፍር ከቀሪው ዱቄት፣ ከወተቱ፣ ከእንቁላሉ፣ ከስኳሩና ከእርሾው ጋር አቡኩት። ከወተቱ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህል ወደኋላ አስቀሩ፤ የአገራችን ዱቄት ከወፍጮ ወፍጮ፣ አንዳንዴም ከከረጢት ከረጢት ውሃ አጠጣጡ ይለያያል። ጨውና ለስለስ ያለው ቅቤ የሚገቡት ሊጡ መያያዝ ከጀመረ በኋላ ነው። ቅቤ ቀድሞ ከገባ ዱቄቱን ቀብቶ ግሉተኑ እንዳይያያዝ ያደርጋል። ከዚያ ማሸት ነው፤ በእጅ ከሆነ ሩብ ሰዓት ያህል ወይም ትንሽ ይበልጣል። መጀመሪያ ይጣበቃል። ዱቄት አትጨምሩ! እጅ ላይ የሚጣበቅ ሊጥ ያየች ሁሉ ዱቄት መነስነስ ልማዷ ነው፤ ድፎ ዳቦ ላይ ያስኬዳል፣ እዚህ ግን ዳቦውን ያደርቀዋል። ከሊጡ ቆንጥራችሁ በጣቶቻችሁ ቀስ አድርጋችሁ ስትወጥሩት ሳይበጠስ ሳስቶ ብርሃን ካሳለፈ በቅቶታል።

ስለ ቅቤው አንድ ነገር ልበል። በቅመም የተነጠረ ቅቤ የጨመረች ወዳጅ አለችኝ። ዳቦው ለብቻው ሲበላ ጣት ያስቆረጥማል፤ በርገሩ ግን ጠፋ፤ ኮሰረትና ኮረሪማው ሥጋውንም ሰናፍጩንም ዋጠው። ለበርገር የገበታ ቅቤ ይበቃል።

ሊጡ ሁለት ጊዜ ኩፍ ካለ በኋላ በሚዛን 90፣ 90 ግራም ቆራርጡት። ትንሽ ይተርፋችኋል፤ በቤታችን የልጆች ሙልሙል ይሆናል። እያንዳንዱን ድቡልቡል አድርጋችሁ ላዩ እስኪወጠር ጠረጴዛው ላይ አዙሩት፤ አሥር ደቂቃ አሳርፉትና በመዳፋችሁ ጠፍጠፍ አድርጉት። ሳይጠፈጠፍ የገባ ድቡልቡል ወደ ላይ ይቆልልና አፍ የማይበቃው በርገር ይሆናል። ለሆትዶግ 70 ግራም በቂ ነው። ሊጡን በመዳመጫ ወደ አራት ማዕዘን አሳሱት፣ እንደ ሰሌን አጥብቃችሁ ጠቅልሉት፣ ስፌቱን ቆንጥጣችሁ ዝጉትና ወደ ታች አድርጋችሁ አስቀምጡት። ርዝመቱን ከመወሰናችሁ በፊት ቋሊማውን ግዙና ለኩት፤ እኛ ገበያ ላይ ያለው ቋሊማ እንደ አምራቹ አጭርም ረጅምም ነው። ቋሊማው ከዳቦው ጫፍ ትንሽ ብቅ ይበል እንጂ ዳቦው ብቻውን አይብዛ።

ትሪው ላይ የሆትዶጉን ዳቦዎች ቀረብ ቀረብ አድርጉ። ሲያብጡ ይነካካሉ፤ የተነካካው ጎን ቅርፊት ስለማያወጣ ለስላሳ ይሆናል። በአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ፣ ኒው ኢንግላንድ በሚባለው አካባቢ፣ ዳቦውን እንዲህ አቀራርበው ጋግረው ከጎን ሳይሆን ከላይ ይሰነጥቁታል፤ ቅርፊት የሌላቸውን ሁለት ጎኖች ደግሞ ቅቤ ቀብተው መጥበሻ ላይ ይጠብሷቸዋል። ለእኔ ከሁሉም የሆትዶግ አሠራር ይኸኛው ይበልጣል፤ ዳቦው ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ሰናፍጩም ልብስ ላይ አይፈስም።

ትሪው ላይ እንደገና ኩፍ ካሉ በኋላ በወተት የተመታ እንቁላል ቀቡና ሰሊጥ ነስንሱ። ሰሊጥ በተመለከተ ከማንም አናንስም፤ ነጩ የሁመራ ሰሊጥ በዓለም ገበያ ስም ያለው ነው። አስቀድሞ መቁላት አያስፈልግም፤ ኦቭኑ ራሱ ይቆላዋል። 190 ዲግሪ ላይ ከ15 እስከ 18 ደቂቃ ይበስላል። የምግብ ቴርሞሜትር ያላችሁ ደግሞ ተጠንቀቁ። የውጭ አገር መጻሕፍት አንዳንዶቹ የዳቦው ውስጥ 93 ወይም 95 ዲግሪ ሲደርስ አውጡ ይላሉ። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ዳቦው እርጥበት እስካለው ድረስ ከዚያ አያልፍም። 95ን ስትጠብቁ የምታገኙት ደረቆት ነው። እኔ 88 ላይ አወጣለሁ። እንደወጣ ላዩን በቅቤ አስነኩት፤ ቅርፊቱ ይለሰልሳል።

መብራትስ ሲሄድ? ሊጡ ገና ኩፍ እያለ ከሆነ ሸፍናችሁ ፍሪጅ ክተቱት፤ መብራት ባይኖርም ቅዝቃዜው ለጊዜው ያዘገየዋል። ኦቭን ውስጥ ከገባ ግን በሩን አትክፈቱ፤ ውስጡ የቀረው ሙቀት ብዙ ጊዜ ይጨርስላችኋል፣ ቀለሙ ነጣ ቢልም።

በጾም ወራት ትእዛዜ አይቀንስም። የጾም በርገር በምስርም በሽምብራም የሚሠሩ ልጆች ዳቦውንም የጾም አድርጊልን ይላሉ፤ ብዙ ቤት ግን ላዩ የጾም ሆኖ ዳቦው ወተትና እንቁላል አለበት፤ ጠይቁ። ለዚህ ድንች ደረሰልን። 120 ግራም የተቀቀለና በደንብ የተፈጨ ድንች ለእንቁላሉ፣ ድንቹ የተቀቀለበት ውሃ ለወተቱ፣ 45 ግራም ዘይት ለቅቤው ይገባል። ድንቹ ራሱ የበሰለ ስታርች ስለሆነ ውሃ ይዞ ያቆያል፤ ያኛው የምድጃ ውፍር አያስፈልግም። በዚያ ፋንታ 500 ግራሙን ዱቄት በሙሉ አቡኩትና የድንቹን ውሃ ከ200 ግራም ጀምራችሁ እንደ ሊጡ ጨምሩ። ላዩን በውሃ አርሳችሁ ሰሊጡን ነስንሱ፤ ሲወጣ በሞቀ ውሃ የሟሟ ስኳር ቀቡት፣ ያብረቀርቃል። ደንበኞቼን ሳልነግራቸው ሁለቱን ባቀርብ ብዙዎቹ የድንቹን ይመርጣሉ ብዬ አምናለሁ፤ እኔ ራሴ እመርጠዋለሁ።

ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝ አትቁረጡት፤ ትኩስ ዳቦ በቢላ ይጨማደዳል። ስትሰነጥቁትም የውስጡን ፊት ትንሽ ቅቤ አስነክታችሁ ደረቅ መጥበሻ ላይ ቀላ እስኪል አስቀምጡት። ያቺ ቀጭን የተጠበሰች ፊት ጭማቂውን ለጥቂት ደቂቃ ታግዳለች፤ ለመብላት የሚበቃውም ያ ነው።

የተረፈውን ፍሪጅ ውስጥ አታስቀምጡ። ዳቦ ከጠረጴዛ ላይ ይልቅ ፍሪጅ ቅዝቃዜ ውስጥ ፈጥኖ ይደርቃል፤ ስታርቹ በዚያ ቅዝቃዜ ቶሎ ይጠጥራል። ለሁለትና ለሦስት ቀን ከሆነ በላስቲክ አሥራችሁ ጠረጴዛ ላይ ተዉት፤ ከዚያ ለሚበልጥ በጋገራችሁበት ቀን ሰንጥቃችሁ ፍሪዘር ክተቱት፣ ስትፈልጉትም እንደወጣ መጥበሻው ላይ አድርጉት።