በእሳት አደጋ መኪና የመጣ ውሃ ለመጠጥ ይሆናል?

ውሃ ለቀናት ሲጠፋ መስጂድ ግቢ ቦቴ ቆሞ ጀሪካን ሲሰለፍ ማየት ለብዙዎቻችን እንግዳ አይደለም። አንዳንዴም የሚመጣው የእሳት አደጋ መኪና ነው። ውሃው ጥርት ብሎ ስለሚታይ ሰዉ ቀድቶ ይጠጣዋል፤ ለኢፍጧር ሾርባም ይሠራበታል። ሾርባው ስለሚፈላ ከተሕዋስያን በኩል ብዙም አያሰጋም። የሚያሰጋው ሳይፈላ በብርጭቆ የሚቀርበው ነው።

የእሳት አደጋ መኪና ታንከር የተሠራው እሳት ለማጥፋት ነው። ከቧንቧ ይሞላል፤ ሲቸግር ግን ከወንዝ ወይም ከኩሬም ይስባል። ውሃው ብዙ ቀን ሲቆም ከቧንቧ ይዞት የመጣው ክሎሪን ተሟጦ ያልቃል። በታንከሩ ግድግዳ ላይ የሚያሙለጨልጭ ስስ ሽፋን ይፈጠርና ተሕዋስያን እዚያ ይራባሉ። ክሎሪን ወደዚህ ሽፋን በቀላሉ አይዘልቅም። ስለዚህ ሳይፈገፈግ ክሎሪን ብቻ የተጨመረበት ታንከር ጸዳ አይባልም።

ከዚህ የከፋው ፎም ነው። ለነዳጅ እሳት የሚረጨው ይህ የአረፋ ኬሚካል ታንከሩ ውስጥ ቀርቶ ከሆነ ክሎሪንም ሆነ ማፍላት አያስወግደውም። ሹፌሩን ሳታፍሩ ጠይቁ። ፎም የነካውን ውሃ ለመጸዳጃ ቤት ተዉት።

«ውሃው ጦሃራ ከሆነ ምን ችግር አለው?» የሚሉ አሉ። ቀለሙ፣ ጣዕሙና ሽታው ያልተለወጠ ውሃ ለዉዱእ መብቃቱ አንድ ነገር ነው፤ ለጤና መስማማቱ ሌላ ነው። የኮሌራ ባክቴሪያ ሦስቱንም ሳይለውጥ ውሃ ውስጥ ይኖራል። በ2008 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባውን አተት ታስታውሳላችሁ። በዉዱእ ጊዜም እንጉመጠመጣለን፣ ወደ አፍንጫ እንስባለን፤ ሕፃናት ደግሞ ይውጡታል። ስለዚህ የዉዱእ ሮቶም መታከም አለበት።

ሮቶውን ባዶ አድርጋችሁ በሳሙና ፈግፍጉና አለቅልቁ። ከዚያም ውሃ ሙሉና ለ1000 ሊትር 1 ሊትር ባለ 5 በመቶ በረኪና ጨምሩበት፤ 24 ሰዓት ቆይቶ ይደፋ፣ እንደገናም ይለቅለቅ። ይህ ለማጠቢያ እንጂ ለመጠጥ አይደለም! ለመጠጥ ግን ለ1000 ሊትር ጥርት ያለ ውሃ 40 ሚሊ ሊትር ብቻ ጨምሩ፤ 30 ደቂቃም ጠብቁ። የድፍርስ ውሃ ጭቃ ክሎሪኑን ስለሚጨርሰው አስቀድሞ ይጥለል፣ በንጹሕ ጨርቅም ይጠለል፤ መጠኑም እጥፍ ይሁን። በረኪናው መቶኛው በላዩ የተጻፈበትና ሽቶ የሌለው ይሁን። ከመጸዳጃ ቤት አሲድ ጋር ፈጽሞ አትደባልቁት፤ መርዛማ ጋዝ ያወጣል።

ለቤት ጀሪካን ውሃ አጋርን የመሰለ የታሸገ ማከሚያ ይቀላል፤ መጠኑን ከማሸጊያው ላይ አንብቡ። የታከመ ውሃም እጅ ከገባበት መልሶ ይበከላል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዕቃዎችን እንድንከድን አዘውናልና ጀሪካኑን ክደኑት፤ ስትጠጡም ኩባያ እየነከራችሁ ሳይሆን እያንቆረቆራችሁ ቅዱ።