ከተማውንና ፋብሪካውን የረታው የዓሣ አጥማጆች ማኅበር

በፋብሪካና በከተማ አቅራቢያ የሚገኙ የገበሬ ማኅበራት ከሚያነሷቸው ችግሮች አንዱ የወንዝ ውሃ መበላሸት መሆኑ ይታወቃል። ከአዲስ አበባ የሚወርደው የአቃቂ ወንዝ እና የቆዳ ፋብሪካዎች ፍሳሽ የሚወርድበት የሞጆ ወንዝ ለዚህ ምሳሌ ሆነው ሊጠቀሱ ይችላሉ። ከብቱ የሚጠጣው፣ ጎመኑና ሰላጣው የሚለማው በዚሁ ውሃ ነው። ማኅበሩ አቤት ሲል ግን ፋብሪካው ለአገር ጠቃሚ ነው፣ ከተማውም የግድ ቆሻሻውን የሆነ ቦታ መጣል አለበት የሚል መልስ ስለሚያገኝ፣ ብዙ ጊዜ ነገሩ ለሞተ ከብት ጥቂት ካሳ ተቀብሎ በመመለስ ያበቃል።

በዚህ ረገድ የገበሬ ማኅበር መሪዎች ቢያውቁት ይጠቅማል ብለን የመረጥነው ጉዳይ ከሩቅ አገር፣ ያውም ከመዝናኛ የመጣ ነው። በእንግሊዝ አገር በደርቢ ከተማ የሚገኝ አንድ የዓሣ አጥማጆች ክለብ ያገሩን ትልቅ ፋብሪካ፣ የከተማውን ማዘጋጃ ቤትና የመንግሥትን የኤሌክትሪክ ድርጅት በአንድነት ከሶ መርታቱን የሚመለከት ነው።

ክለቡ «ፕራይድ ኦፍ ደርቢ ኤንድ ደርቢሻየር አንግሊንግ አሶሲዬሽን» ይባላል። በዚያ አገር እንዲህ ያሉ ክለቦች በየከተማውና በየመንደሩ ይገኛሉ። አባላቱ በዕረፍት ቀናቸው ዘንግና መንጠቆ ይዘው ወንዝ ዳር የሚውሉ ሰዎች ናቸው። በተለይ በማዕከላዊ እንግሊዝ ይህ የሠራተኛው መዝናኛ ሆኖ የኖረ ነው። ውድድር ያደርጋሉ፤ ያጠመዱት ዓሣ በመረብ ውስጥ በሕይወት ቆይቶ ይመዘንና ተመልሶ ወደ ወንዙ ይለቀቃል። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ፣ ዓሣ ይዞ፣ መዝኖ መልሶ መልቀቅ ለእኛ አገር ገበሬ ቀልድ ሊመስለው ይችላል። ይህን ጸሐፊም መጀመሪያ ሲሰማ አስቆታል። ነገር ግን ለመብል የማይፈልጉትን ዓሣ እንዲህ የሚሳሱለት ሰዎች ለወንዙ ጥሩ ዘበኞች ሆነው ተገኝተዋል።

ክለቦቹ ዓሣ የማጥመድ መብትን ከባለ መሬት ይገዛሉ ወይም ይከራያሉ። አባሉ ዓመታዊ መዋጮ ይከፍላል፤ በተመደበ ቀን ወጥቶ ዳርቻውን ያጸዳል፤ የተናደውን ይጠግናል። በእንግሊዝ ወንዞች ውስጥ እንደ ትራውትና ሳልሞን ካሉት በቀር ያሉትን ዓሦች ከመጋቢት 6 እስከ ሰኔ 8 ድረስ ማጥመድ በሕግ የተከለከለ ነው። ጊዜው ዓሣው እንቁላል የሚጥልበት በመሆኑ ነው።

የደርቢው ክለብ መብት የነበረው በደርወንት ወንዝ እና ደርወንት በሚገባበት በትሬንት ወንዝ ላይ ነበር። በወንዙ ላይ ሦስት ነገሮች ይፈስሱበት ጀመር። ሰው ሠራሽ ሐር የሚያመርተው ብሪቲሽ ሴላኒዝ የተባለው ፋብሪካ የሞቀ ፍሳሽ ይለቅበታል። ማዘጋጃ ቤቱ በደንብ ያልተጣራ የከተማ ፍሳሽ ይጨምርበታል። የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫው ደግሞ ማቀዝቀዣ አድርጎ የተጠቀመበትን ውሃ እንደሞቀ ይመልስበታል። ዓሣውም፣ ዓሣው የሚመገባቸው ነፍሳትም አለቁ።

የሞቀ ውሃ ብቻውን እንዴት ይገድላል የሚል አይጠፋም። ዓሣ የሚተነፍሰው በውሃ ውስጥ የሟሟውን ኦክሲጅን ሲሆን፣ ውሃ በሞቀ መጠን የሚይዘው ኦክሲጅን ያንሳል። የከተማ ፍሳሽ ሲገባ ደግሞ ፍሳሹን የሚያበሰብሱት በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ይራቡና የቀረውን ኦክሲጅን ይጨርሱታል። ስለዚህ አንዱ ብቻ ቢሆን ወንዙ ሊቋቋመው ይችል የነበረው ጉዳት ሲደራረብ ገዳይ ይሆናል። ማለዳ ላይ ዓሣ አፉን ከውሃው በላይ አውጥቶ ሲያለከልክ ከታየ የዚህ ምልክት ሊሆን ይችላል። ብዙዎች በአንድ ወንዝ ላይ ሲለቁ ደግሞ እያንዳንዱ በሌላው ማላከኩ ያለ ነገር ነው፤ የደርቢው ክለብ ግን አንዱን መርጦ ሳይሆን ሁሉንም በአንድ መዝገብ ከሰሳቸው።

አንድ ክለብ ብቻውን ለእንዲህ ያለ ሙግት የሚበቃ ገንዘብ ከየት ያመጣል? መልሱ ያለው በኅብረት ሥራ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 ጆን ኢስትውድ የተባለ ጠበቃ የዓሣ አጥማጆች የኅብረት ማኅበር አቋቋመ። በየአገሩ የተበታተኑት ክለቦችና ግለሰቦች ጥቂት ጥቂት እያዋጡ፣ የአንዱ ወንዝ ሲበከል በጋራ ጠበቃ ይቆማል ማለት ነው። የደርቢውን ክስ የደገፈው ይኸው ማኅበር ነበር። በክሱም ከክለቡ ጎን በወንዙ ዳር መሬት ያለው መስፍን አብሮ ከሳሽ ሆኗል። የሠራተኛ መዝናኛ ክለብና መስፍን በአንድ ወገን መቆማቸው የሚያስገርም ቢሆንም፣ የተበከለው ወንዝ የሁለቱም ነበርና ነው።

እ.ኤ.አ. በ1952 ጉዳዩን ያየው ዳኛ ሃርማን ለከሳሾቹ ፈረደ። ማዘጋጃ ቤቱ ይግባኝ አለ። ያቀረባቸው መከራከሪያዎች ለእኛም እንግዳ አይደሉም። ማጣሪያው በሕግ ተፈቅዶ የተሠራ ነው አለ፤ ፈቃዱም እ.ኤ.አ. በ1901 ለከተማው የወጣው ሕግ ነው። ሲሠራ በቂ ነበር፣ ኋላ የከተማው ሕዝብ ስለበዛ ነው እንጂ እኛ ያጠፋነው የለም አለ። በመጨረሻም፣ ጥፋት አለ ከተባለ ፍሳሹ እንዲቆም ከማዘዝ ይልቅ ለክለቡ ካሳ ይከፈለው አለ።

ዳኛ ዴኒንግ ከተሰየሙበት ዳኞች አንዱ የነበረው የይግባኙ ችሎት ይህን ሁሉ አልተቀበለም። ማጣሪያ ለመሥራት የተሰጠ ፈቃድ ወንዝ ለመበከል የተሰጠ ፈቃድ አይደለም ተባለ። የካሳውም ሐሳብ ውድቅ ሆነ። ካሳ ከፍሎ መበከሉን መቀጠል የሌላውን መብት ያለ ባለቤቱ ፈቃድ እንደመግዛት የሚቆጠር ነው። ነገር ግን የአንድ ከተማ ፍሳሽ በአንድ ሌሊት የሚቆም ስላልሆነ፣ ችሎቱ የእግድ ትእዛዙ ሥራ ላይ የሚውልበትን ቀን አራዝሞ ማጣሪያውን ማሻሻያ ጊዜ ሰጣቸው። ከተማው ያለ ፍሳሽ ማስወገጃ አልቀረም። በእኛ አስተያየት የፍርዱ ብስለት ያለው እዚህ ላይ ነው። ክሱ ፋብሪካ ይዘጋ የሚል አልነበረምና።

ይህ ሲባል እንግሊዝ ወንዞቿን ሁሉ አጽድታለች ማለት አይደለም። የፍሳሽ ነገር ዛሬም በዚያ አገር ብርቱ ሙግት የሚያስነሳ ነው። እነ ኢስትውድ ያቋቋሙት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2009 ከሌሎች ጋር ተዋሕዶ «አንግሊንግ ትረስት» ሲሆን፣ የሕግ ክፍሉ «ፊሽ ሊጋል» የሚል ስም ይዟል። ይኸው ክፍል የግል የውሃ ኩባንያዎች ስለሚለቁት ፍሳሽ መረጃ የመስጠት ግዴታ አለባቸው ብሎ ለዓመታት ተከራክሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 አስፈርዷል።

ከሁሉ ይልቅ ለገበሬ ማኅበራት የሚቀርበው ግን ክለቦቹ ራሳቸው የሚያካሂዱት የወንዝ ቁጥጥር ነው። እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ሥልጠና የወሰዱ አባላት በየወሩ ወንዛቸው ወርደው በአንድ በተመረጠ ቦታ ለሦስት ደቂቃ ያህል የወንዙን ጠጠር በእግራቸው እያነቃነቁ፣ የሚነሡትን የነፍሳት እጮች ከታች በያዙት መረብ ይሰበስባሉ። እጮቹን በየዓይነታቸው ለይተው ቆጥረው ይመዘግባሉ። ቁጥሩ አስቀድሞ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋር ከተስማሙበት መጠን በታች ከወረደ ወዲያውኑ ያስታውቃሉ። ነፍሳቱ ብክለትን የማይችሉ ስለሆኑ፣ መርዙ ታጥቦ ከሄደ በኋላ እንኳ ወንዙ መጎዳቱን ይመሰክራሉ። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ረጅም ቦት ጫማ፣ መረብ፣ ነጭ ሳህንና ደብተር ነው።

በእኛም አገር ሕጉ የለም እንዳይባል፣ በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 መታየት ያለበት ነው። በአንቀጽ 11 ማንኛውም ሰው በግሉ የደረሰበትን ጉዳት ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ በአካባቢ ላይ ጉዳት ባደረሰ ወይም ሊያደርስ በሚችል ላይ ለፌዴራሉ ወይም ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ እንደሚችል ተደንግጓል። በዚህ በኩል አዋጁ ከደርቢው ክለብ ሕግ ይልቅ የሰፋ ነው። ክለቡ የሚከስበት መብት በገንዘቡ ያገኘው የማጥመድ መብት ሲሆን፣ የእኛ ገበሬ ግን ወንዙ ላይ የተመዘገበ መብት ባይኖረውም አቤት ማለት ይችላል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ፣ ወይም ውሳኔው ካላረካ፣ አቤት ባዩ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል።

እነዚህ ቀኖች የሚቆጠሩት ከወረቀት ላይ ስለሆነ፣ አቤቱታው በጽሑፍ ገብቶ የመዝገብ ቁጥርና ቀን ያለው ግልባጭ በማኅበሩ ፋይል መቀመጥ አለበት። በቃል የቀረበ አቤቱታ ቀን አይቆጠርለትም። የውሃ ናሙና ሲወሰድም ፍሳሹ ከሚገባበት በላይና በታች ከሁለቱም ቦታ፣ በንጹሕ ጠርሙስ፣ ምስክሮች ባሉበት ቢሆን፤ በጠርሙሱም ላይ ቦታው፣ ቀኑና ሰዓቱ ተጽፎ፣ ናሙናው ፀሐይ ሳይመታው በዚያው ቀን ወደ ላቦራቶሪ ቢላክ ይመረጣል። ከላይኛው ቦታ ናሙና ካልተወሰደ፣ ውሃው ከመጀመሪያውም የተበላሸ ነበር የሚለውን ክርክር ማኅበሩ የሚመልስበት ነገር አይኖረውም።